የሮቦት ሞዴል ቅርጹን መቀየር አለበት? ቫልኪሪዬን በሙጫ ከመዝጋቴ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ክንፈ ብረት እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ወገኖቼ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስገጣጥመው የቆየሁት የ1/72 (ከእውነተኛው መጠን 72 ጊዜ ያነሰ) ቪኤፍ-1 ቫልኪሪ፣ ማለትም ማክሮስ ከተባለው የጃፓን ካርቱን የመጣው ተለዋዋጭ ተዋጊ፣ ቀለም ከመንካቱ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለብኝ። ሞዴሉ ሦስቱንም ቅርጾች እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ይሆናል፤ እግርና እጅ ያወጣ አውሮፕላን፣ ማለትም ገርዎክ የሚባለውን ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሮቦትም ይሆናል። እኔ ግን መታጠፊያዎቹን ሁሉ በሙጫ ዘግቼ፣ ክፍተቶቹን ሞልቼና አለስልሼ ለዘለዓለም አውሮፕላን ብቻ ላደርገው እያሰብኩ ነው።

ምክንያት አለኝ። አውሮፕላን ሲሆን ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ፣ ሰውነቱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል። ሞዴሉን በየትኛውም አቅጣጫ ባዞረው ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። ከዚህ በፊት የሠራሁት ሌላ ተለዋዋጭ ሞዴል ደግሞ ቀለሙን ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥፈው፣ የአየር ማስገቢያው ጠርዝ የክንፉን ሥር ፍቆ ነጩን ፕላስቲክ አወጣው። የሦስት ምሽት ሥራ በአንድ እጥፋት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። የልብ ወለድ ሮቦት ሞዴል ቅርጹን የመቀየር ግዴታ አለበት? የጃፓኑ ሃሴጋዋ የቫልኪሪ ሞዴሎቹን ሲያወጣ አውሮፕላኑን በአንድ ሣጥን፣ ሮቦቱን በሌላ ሣጥን አድርጎ ነው፤ አንዳቸውም አይለወጡም። አውሮፕላኑን ያየ ሰው እውነተኛ ተዋጊ ጄት የቆመ ነው የሚመስለው። ሌላው የጃፓን ሞዴል ሠሪ ባንዳይም እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኒኮርን ጋንዳም የተባለውን ሮቦት በ1/144 ሲያወጣ የተዘጋውንና የተከፈተውን ቅርጽ በሁለት የተለያዩ ሞዴሎች አቅርቦታል። እነዚህ ሰዎች መታጠፊያ መሥራት አቅቷቸው አይደለም። መምረጥ ስላለባቸው መረጡ።

ሞዴል የአንድ ቅጽበት ምስል ነው ብዬ አምናለሁ። የቆመ ፈረስ የቀረጸን ቀራጺ ፈረሱን አስጋልብልን ብለን አንጠይቀውም። እስቲ የምታስቡትን ንገሩኝ።

አሮጌ መቁረጫ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ልጄ ክንፈ ብረት፣ በመጀመሪያ ሙጫውን ክደነው። ከዚያ እንነጋገራለን።

ቫልኪሪ እ.ኤ.አ. በ1982 በማክሮስ ሲመጣ ምን አዲስ ነገር ይዞ እንደመጣ ካልተረዳን ይህ ክርክር ፍሬ የለውም። ቅርጻቸውን የሚቀይሩ ሮቦቶች ከእርሱ በፊትም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ጌተር ሮቦ ይለወጥ ነበር፤ ግን የሚለውጠው የሠዓሊው እጅ ነው። ብረቱ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ ክንዱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የቫልኪሪ ነዳፊ ሾጂ ካዋሞሪ ግን ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ የአሜሪካውን ተዋጊ ጄት የኤፍ-14ን ቅርጽ ወስዶ ለእያንዳንዱ አካል የሚሄድበትን ቦታ ሰጠው። የሞተሮቹ ቤቶች እግር ይሆናሉ። የጭስ ማውጫዎቹ ተከፍተው የእግር መዳፍ ይሆናሉ። ክንዶቹ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ታጥፈው ይተኛሉ፤ ጭንቅላቱ ሆዱ ሥር ይንጠለጠላል። ካዋሞሪ ሐሳቡን በሌጎ ጡቦች እየሠራ የሚፈትሽ ሰው ነው። ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር እጅ ላይ ሲገባ ይታጠፍ እንደሆነ ማየት ይፈልጋል።

የመረጠው አውሮፕላንም በከንቱ አልተመረጠም። ኤፍ-14 ራሱ ቅርጹን የሚቀይር ማሽን ነበር። ክንፉ በዝግታ ሲበር 20 ዲግሪ፣ በፍጥነት ሲበር እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ የሠራኋቸው የኤፍ-14 ሞዴሎች በሙሉ ክንፋቸው የሚንቀሳቀስ ነበር፤ ይህን አሻንጉሊት አደረገው ብሎ ያማረረ ሰው አላጋጠመኝም።

የፈረሱ ምሳሌህ አይገጥምም። ፈረስ ቆሞም ፈረስ ነው። አንተ ልትሠራ ያሰብከው የማይከፈት ጃንጥላ ነው። የሚያምር ጨርቅና የሚያምር እጀታ ይኖረዋል፤ ዝናብ ቢመጣ ግን ዱላ ነው።

ሚሊሜትር እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ጋሼ አሮጌ መቁረጫ ስለ ንድፉ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ንድፉ የተሠራው ለብረት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ፕላስቲክ ነው። ሙያዬ ሜካኒካል ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው።

በ1/72 ልኬት አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ግድግዳ በእውነተኛው መጠን 7.2 ሴንቲሜትር ይሆናል። በ1/144 ደግሞ 14.4 ሴንቲሜትር። የሁለት ሚሊሜትር የመታጠፊያ ዘንግ በ1/144 ሲሰላ 29 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ምሰሶ ነው። ማሽኑን ስናሳንሰው ፕላስቲኩ አብሮ አይቀጥንም፤ ከቀጠነ ይሰበራል። ስለዚህ ቅርጽ በሚቀይር ትንሽ ሞዴል ውስጥ መታጠፊያዎቹ ከሚገባቸው በላይ ቦታ ይወስዳሉ፣ ሌላው አካል ደግሞ ለእነርሱ ቦታ ለመልቀቅ ይጠባል ወይም ያብጣል። የወገቡ መርዘም፣ የክንዱ መቅጠን፣ ክንፈ ብረት የጠቀሰው ክፍተትም ከዚህ ይመጣሉ። የሠሪው ስንፍና አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1985 የመጣውን፣ አውሮፕላን የሚሆነውን ሮቦት ዜታ ጋንዳምን ውሰዱ። ቁመቱ በታሪኩ ውስጥ 19.85 ሜትር ነው፤ በ1/144 ሲሆን 14 ሴንቲሜትር እንኳን አይሞላም። በዚህች ቁመት ውስጥ ደረቱ ታጥፎ ይገባል፣ እግሮቹ ይሰበሰባሉ፣ ጋሻው ወደ ፊት መጥቶ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ይሆናል። ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የ1/144 ሞዴል ይህን ሁሉ ማጠፍ ትቶ አንዳንድ አካላትን አውጥቶ በሌላ መተካትን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በዚያው ልኬት ምንም ሳይነቀል የሚለወጥ ሌላ ዜታ አወጣ። በ1/100ም ይኸው ማሽን በ1996፣ በ2005 እና በ2023 እንደገና እየተነደፈ ወጥቷል። ለአንድ ሮቦት ይህን ያህል መመላለስ የጥያቄውን ክብደት ያሳያል።

«እንግዲያው ትልቅ ሠርተን እንገላገል» የሚል ሰው ካለ ደግሞ እዚያም ችግር አለ። ሞዴሉን በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብናደርገው ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የክንዱ ርዝመትም እጥፍ ስለሚሆን ትከሻው ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ጉልበት 16 እጥፍ ይደርሳል። መታጠፊያው በሰበቃ የሚይዝበት አቅም ግን የሚያድገው ስምንት እጥፍ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ሞዴሎች በትከሻና በወገብ ላይ ብሎን የሚጨመርላቸው ለዚህ ነው።

የእኔ አቋም ከክንፈ ብረት ጋር ነው። በ1/72 ዝጋው።

እመ ሳሙኤል እንዲህ ስትል ጻፈች፦

እኔ እንደ እናንተ ብዙ አልሠራሁም። ከልጄ ጋር ነው የምሠራው። ግን ያላያችሁት ነገር ያለ ስለመሰለኝ ዝም ማለት አልፈለግሁም።

ባለፈው ገና ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለልጄ የጭነት መኪና የሚሆነውን ሮቦት ሞዴል አመጣለት። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አራት ቀን ሙሉ ሠራነው። ክፍሎቹ ያለ ሙጫ የሚገጥሙ፣ ቀለማቸውም የተዘጋጀ ነበሩ፤ ሥራው እጅግ ደስ ይል ነበር። ሲያልቅ ልጄ ሮቦቱን ያዘና ጎንበስ አደረገው፣ እግሮቹን ሰበሰበ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አሁን ጎማው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» አለኝ። ጎማዎቹ እግሩ ላይ የተለጠፉ ጌጦች ነበሩ። ደረቱ ላይ ያለው የመኪና መስኮትም ጌጥ ነበር። ሞዴሉ አይለወጥም። ሣጥኑን አገላብጠን ስናነብ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ በትንንሽ ፊደል ከታች አገኘን።

ልጄ አላለቀሰም። ሮቦቱን መደርደሪያው ላይ አቆመውና ወደ ሌላ ነገር ሄደ። እስከ ዛሬ አልነካውም።

ትራንስፎርመርስ የሚለው ስም «ተለዋዋጮች» እንደሚል እናንተም ታውቃላችሁ። እነዚያ ሮቦቶች ታሪክ ከመሆናቸው በፊት መጫወቻ ነበሩ። የጃፓኑ ታካራ ዲያክሎንና ማይክሮማን ብሎ ከሠራቸው መጫወቻዎች ተወስደው ነው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ስምና ታሪክ የተሰጣቸው። መለወጣቸው ከታሪኩ ቀድሞ የመጣ ነው። ስለዚህ ለትልልቅ ሰዎች የማይለወጥ ውብ ሐውልት መሥራት የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ሣጥኑ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ልጅ የሚገዛው ተስፋ ነው።

ክንፈ ብረት እንዲህ ሲል ጻፈ፦

እህቴ እመ ሳሙኤል፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጎማው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» የሚለው ጥያቄ ጋሼ አሮጌ መቁረጫ ስለ ካዋሞሪ ካሉት ጋር አንድ ነው። ልጅሽ የጠየቀው የንድፍ ጥያቄ ነው። የጌጥ ጎማ ቢለጠፍለት አያምንም፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ አላምንም ነበር።

የሣጥኑን ነገር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሐሳቤን ገና አልቀየርኩም። የሚሊሜትር ስሌት ልክ ከሆነ፣ የሚለወጠው ሞዴል በሦስቱም ቅርጾች ጥቂት ጥቂት ይዋሻል፤ የማይለወጠው ደግሞ በአንዱ ቅርጽ እውነቱን ይናገራል፣ ስለ ሁለቱ ዝም ይላል። ዝምታው ለእኔ ይቀለኛል።

ቀለም ወዳድ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ሁለታችሁም ጫፍ ላይ ናችሁ። ሚሊሜትር ራሱ የጠቀሰውን የ2003ቱን ዜታ ደግማችሁ እዩት። ተተኪ አካል ያለው ሞዴል በሮቦትነቱ ወገቡ ቀጭን፣ ትከሻው ሰፊ፣ አቋሙ የጠና ነው። አውሮፕላን ሲፈለግ መሃሉን አውጥቶ ሌላውን መግጠም ነው። ቀለም አይፋቅም፣ መታጠፊያ አይላላም። እኔ ተተኪ አካላቱን ለየብቻ ቀብቼ በትንሽ ሣጥን አስቀምጣቸዋለሁ።

አሮጌ መቁረጫ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ወንድሜ ቀለም ወዳድ፣ መሃሉን አውጥተህ በሌላ ስትተካ የለወጥከው ሞዴሉን አይደለም። አንዱን አስቀምጠህ ሌላውን አነሳህ። የሐሳቡ ዋና ነገር አንድም ፍሬ ሳይቀነስ፣ አንድም ሳይጨመር ሌላ መሆኑ ነው። በሣጥን ውስጥ የቀረ ደረት ካለ ሒሳቡ ጎድሏል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጨረቃ ጠባቂ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ክርክሩን ከመደርደሪያ ላይ አውርጄ ትንሽ ራቅ ወዳለ ቦታ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የጃፓን የጠፈር ድርጅት ጃክሳ ስሊም የተባለችውን መንኮራኩር ጨረቃ ላይ አሳረፈ። ስሊም ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ትንንሽ ሮቦቶችን ለቀቀች። አንዷ ሶራ-ኪው ትባላለች፤ ስምንት ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያላት ኳስ ናት። መሬት ከነካች በኋላ ኳሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱ ግማሾች ጎማ ሆኑ፣ ከመሃል ካሜራ ወጣ፣ ከኋላ ጅራት ተዘረጋ። ስሊም በአፍንጫዋ ተደፍታ መቆሟን ያየነው ይህች ሮቦት ባነሳችው ፎቶግራፍ ነው።

ሶራ-ኪውን ከጃክሳ፣ ከሶኒና ከዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሠራው ታካራ ቶሚ ነው፤ እመ ሳሙኤል የጠቀሰችው የታካራ ወራሽ፣ የመጫወቻ ሠሪ። ቅርጽ የሚቀይሩ ሮቦቶችን በእጅ ላይ ለማጠፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ያካበቱት ጥበብ ጨረቃ ላይ ደረሰ። ለምን ቅርጽ መቀየር አስፈለገ ቢባል፣ ኳስ በመንኮራኩር ውስጥ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ሲወድቅም ይንከባለላል፤ ጎማና ጅራት ደግሞ በልቅ አፈር ላይ ይሄዳል። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ቅርጽ፣ አንድ አካል። መታጠፊያውን በሙጫ የምንዘጋ ሰዎች ይህን ብናስብበት እወዳለሁ።

ሚሊሜትር እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ጨረቃ ጠባቂ፣ ይህን ስላነሳህ ከልብ አመሰግንሃለሁ፤ እኔም ያቺን ሮቦት እወዳታለሁ። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከት። የሶራ-ኪው መሐንዲሶች መጀመሪያ መታጠፊያውን ነደፉ፤ መልኩ ከመታጠፊያው ወጣ። ከታጠፈች በኋላ ማንንም መምሰል አይጠበቅባትም። ቫልኪሪ ግን በአንድ በኩል ኤፍ-14ን መምሰል አለበት፣ በሌላ በኩል የቆመ ሰው። ሁለቱም መልኮች አስቀድመው በሥዕል ተወስነዋል፤ መታጠፊያው በተረፈው ቦታ ይግባ ተብሏል። ችግሩ መለወጡ ሳይሆን ሁለት ቋሚ መልኮችን ማገልገሉ ነው።

አሮጌ መቁረጫ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ይህ አነጋገር አንድ ነገር አስታወሰኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለ አውሮፕላንና ስለ ሮቦት ስንከራከር ገርዎክን ሁላችንም ዘለልነው።

ክንፈ ብረት፣ ሞዴሉን አሁን በእጅህ ያዘውና እየው። ከአውሮፕላን ወደ ገርዎክ ሲሄድ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? እግሮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ጉልበታቸው ወደ ኋላ እንደ ወፍ ይታጠፋል፤ ክንዶቹ ከሆድ ሥር ይወጣሉ። ሰውነቱ አይታጠፍም። አንተን እንቅልፍ የነሳህ ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ ያለው ክፍተት የሚፈለገው ሮቦት ለመሆን ብቻ ነው።

እኔ ብሆን ሦስቱንም ቅርጾች እንዳሉ እተዋቸው ነበር፤ ይህን ታውቃለህ። መዝጋትህ ካልቀረ ግን አንዱን መታጠፊያ ብቻ ዝጋ። እግሮቹንና ክንዶቹን አትንካብኝ።

ክንፈ ብረት እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ጋሼ፣ ሞዴሉን እጄ ላይ ይዤ ነው ይህን የምጽፈው። ልክ ነዎት። ሦስት ጊዜ እግሮቹን አወረድኩ፣ መለስኩ፤ ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ሁለት ሳምንት ስሠራው ይህን አላየሁም። ሙሉ በሙሉ ይለወጥ ወይስ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ብዬ ስለጠየቅሁ ሌላ መልስ የሚኖር አልመሰለኝም ነበር።

የቀረኝ የቀለም መፋቅ ስጋት ነው። የአየር ማስገቢያው አሁንም ክንፉን ይነካል።

ቀለም ወዳድ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

በዚህ እኔ ልርዳህ። ቀለም ውፍረት አለው። የመሠረት ቀለም፣ ዋናው ቀለምና መጨረሻ የሚረጨው መከላከያ ሲደራረቡ፣ ሳይቀባ በልኩ የሚያልፍ መታጠፊያ ከተቀባ በኋላ ይፋተጋል። ስለዚህ ከመቀባትህ በፊት የሚተላለፉትን ሁለቱንም ገጾች በቀጭን ማለስለሻ ወረቀት ጥቂት ጥቂት አሳሳቸው። ወረቀት በመካከላቸው አስገብተህ ሞክር፤ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ሳይያዝ ካለፈ ለቀለሙ የሚሆን ቦታ አለህ ማለት ነው።

ዘንጎቹንና ዘንጎቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ፈጽሞ አትቀባ፤ ሸፍናቸው። ክፍሎቹን ለየብቻ ቀብተህ ቢያንስ ለሳምንት አድርቅ፤ ለእጅ ደረቅ መስሎ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቀለም ነው በመጀመሪያው እጥፋት የሚላጠው። ሌላ አደጋም አለ። የመታጠፊያ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከኤቢኤስ ፕላስቲክ ይሠራሉ። ኤቢኤስ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ተወጥሮ እንደተገጠመ የቀለም ማቅጠኛ ከነካው ይሰነጠቃል። በክፍሎቹ መስመሮች ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቀለም በምታፈስበት ጊዜ መታጠፊያውን ነቅለህ፣ ውጥረቱን አስለቅቀህ አፍስስ።

እመ ሳሙኤል እንዲህ ስትል ጻፈች፦

ይህን ውይይት ለልጄ አነበብኩለት። ስለ ጨረቃዋ ኳስ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የቆመውን ሮቦት አወረደና ጎማዎቹን ከእግሩ ላይ ነቀላቸው። አሁን የወረቀት ቱቦና የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይዞ ዘንግ እየሠራለት ነው። ጭነት መኪና እንደማይሆን ነግሬዋለሁ፤ «ጋሪ ይሆናል» አለኝ።

ክንፈ ብረት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ወገኖቼ፣ ተጠናቀቀ። የጀርባውን መታጠፊያ ዘጋሁ፣ ክፍተቱን ሞላሁ፣ ሦስት ጊዜ አለሰለስኩ፤ አሁን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መስመሩ አይቋረጥም። እግሮቹና ክንዶቹ ይንቀሳቀሳሉ። የአየር ማስገቢያውን ጠርዝ ቀለም ወዳድ እንዳለው አሳሳሁት፤ እስካሁን 20 ጊዜ ያህል አውርጄ መልሻለሁ፣ ክንፉ ሥር አንድ ጭረት የለም። ርዝመቱ ከ20 ሴንቲሜትር ጥቂት ያንሳል፤ ገርዎክ ሆኖ ሲቆም ግን በእግሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ምክንያት ትልቅ ይመስላል።

ሮቦት ግን ከእንግዲህ አይሆንም። ሙጫውን በነካሁበት ምሽት ጭንቅላቱን ሆዱ ሥር ሳስገባ ትንሽ ከበደኝ። ያለበትን አውቃለሁ፣ ከዚያ ግን አይወጣም።

አሮጌ መቁረጫ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ሁለተኛ ሣጥን ግዛ። ያኛውን ሙጫ አታስነካው፣ ቀለምም አትቀባው፤ ጠረጴዛህ ላይ ይቀመጥና ስልክ ስታወራ እጅህ ያጣጥፈው።

የዚህኛውን ፎቶግራፍ ስትልክ ደግሞ እግሮቹ ወርደው፣ ከታች ወደ ላይ አንሳው። ጭንቅላቱን ማየት እፈልጋለሁ።